የአሮጊቷ ዱካ

የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ጀርባውን ለገዛ ግንቡ ሰጥቶ፣ ደረቱ እንደ ተረገጠ ጣሳ ገብቶ፣ ቡናማ የሱፍ ሹራቡ ደረቱ ላይ ተተርትሮ፣ በቀኝ እጁ የእንጨት ሽብልቅ እንደ ጨበጠ ጓሮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በዋዜማው አመሻሽ ላይ የወረደው ዝናብ የጓሮውን አፈር ሊጥ አድርጎታል። ዝናብ ማለት ያንሰዋል፤ ዓሣ ጃንጥላ የሚለምንበት ዓይነት ነበር።

ኢንስፔክተሩ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለና መነሳት አቃተው። ድካም ነው። የዚህ ሰውዬ ድካም ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ አልነበረም፤ ለሦስት ቢከፋፈል ሦስቱም አልጋ ይይዙ ነበር። ጉልበቱ ሲንቋቋ ከጓሮው ማዶ የተኛችው ውሻ ቀና ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ጉዳዩ አልቋል» አለ ከበላዩ የቆመው ምክትሉ። ጣቢያው ውስጥ «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚሉት። ሟች ሳይሞት ገዳዩን ይይዛል ብለው ያሙታል።

«እኔ ገና አላየሁም፣ አንተ ጨርሰሃል?»

«ዱካውን ይዩት። ሁለት መስመር ብቻ። መኪና ቢሆን ሲታጠፍ አራት መስመር ይተዋል፤ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚሄደው። ይሄ የጋሪ ነው። ጎማው የተላጨ ጋሪ ያለው፣ ከሟችም ጋር የተጣላ አንድ ሰው ነው። አስሬዋለሁ።»

ባለጋሪውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከመሰንጠቂያው ሰጋቱራ በአህያ ጋሪ እየጫነ ለዶሮ አርቢዎች ያደርሳል። ባለፈው ሳምንት ሟች አህያይቱን በጣውላ ስለመታበት ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «አንድ ቀን አንተን ነው የምጭንህ!» ብሎታል። እንግዲህ ሰው በንዴት የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ቢሆን ኢንስፔክተሩ በሚስቱ ብቻ መቶ ጊዜ በተገደለ ነበር።

ግንቡን ተደግፎ ተነሳና መስመሮቹን ተከተለ። ከጓሮው ዳር ካለው መጋዘን ፊት፣ ከሲሚንቶው ጫፍ ይጀምራሉ። ግንቡን ታከው ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ሬሳው ጋ ሲደርሱ ወደ ግንቡ ትንሽ ሆዳቸውን ነፋ ያደርጋሉ። ከዚያ ከግንቡ ርቀው ወደ ጓሮው መሃል በጠባቡ ይታጠፉና ቀጥ ይላሉ። አለቀ። መዞሪያ የለም። የመጣው ነገር በመጣበት መስመር የኋሊት ተመልሷል።

«ቶሎ ቶሎ።»

«አቤት ጌታዬ።»

«የአህያይቱ ኮቴ የታለ?»

«ዝናብ አጥቦት ነው።»

«ጎማውን ትቶ ኮቴውን ብቻ መርጦ አጠበ? ጠንቃቃ ዝናብ ነው። ደግሞ በራሷ ዱካ ላይ ዝንፍ ሳትል ይህን ሁሉ የኋሊት የምትሄድ አህያ ካለች ሰርከስ ይቅጠራት።» ጣቱን መስመሩ ውስጥ ሰደደ፤ እስከ አንጓው ገባ። «ሰጋቱራ የጫነ ጋሪ እንዲህ አይሰምጥም። ይሄ ቤት ተሸክሞ ነው ያለፈው።»

«ሽብልቁስ? ባለጋሪውን ሊመታበት አይደል?»

«ዙሪያህን እይ። እዚህ ግቢ የሚያህል የዱላ ጎተራ በዓለም ላይ የለም። ሰው ሊመታ የፈለገ መዳፍ የማታህል ሽብልቅ ያነሳል?»

ቶሎ ቶሎ አንገቱን አከከ። የኢንስፔክተሩ ስልክ ጮኸ። አዛዡ ነበሩ፣ ድምፃቸው ጓሮውን ሞላው፤ ነገ ጠዋት ወደ ትልቁ እስር ቤት የሚሄድ መኪና አለ፣ ባለጋሪው ይሳፈር፣ መዝገቡ ይዘጋ። ትልቁ እስር ቤት የገባ ሰው ነፃ መሆኑ እስኪታወቅ ልጆቹ ያገባሉ። ኢንስፔክተሩ «እሺ ጌታዬ» አለ። እሺ ማለት እንቢ ከማለት ያነሰ ጉልበት ይጨርሳል።

*

በኩራዝ በምትበራ ጎጆ የሚያድሩት የፊት በሩ ዘበኛ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው። የሰሙትን ሲጠየቁ ደስ አላቸው፤ ሰው ምንም ከጠየቃቸው ዘመናት አልፈዋል።

«ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ እየደለቀው ምን ይሰማል ልጄ? መጋዙ ብቻ ነው የተሰማኝ። ከጓሮ በኩል ሲያጓራ ነበር። ጌታው ሥራ ይወድ ነበር፤ አሁንም አልገባም አልኩ በሆዴ።»

«መጋዙ መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ሌላ ምን ያጓራል እዚህ? እኔ አላጓራ!»

*

መጋዘኑ ውስጥ የሟች ታናሽ ወንድም በእጁ ብሩሽ ይዞ ቆሟል። እጆቹ እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ቀለም ነክተዋል። ከተማው «ሙዚየሙ» ይለዋል፤ ሰላም ያለውን ሁሉ ይዞ ታሪክ ስለሚያስጎበኝ። ሰው እሱን ላለማግኘት መንገድ ይቀይራል፤ አንድ ጥርስ ነቃይ ከእሱ ሲሸሽ ከተማ ለቆ ሄዷል ይባላል።

ከኋላው አሮጊቷ ቆማለች። የጭነት መኪና ናት፤ ግን የዛሬዎቹን አትመስልም። አፍንጫዋ ድፍን፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ጎማዎቿ አየር የማያውቁ ድፍን ላስቲክ። ፊትና ኋላዋ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ወዴት እንደምትሄድ የሚታወቀው በመሪው ነው። ኢንስፔክተሩ በሐዘን ወግ «እግዜር ያጽናዎት» አለና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ስንት ዓመቷ ነው?» ትልቁ ስህተቱ ይሄ ነበር።

«መቶ አልፏታል!» የሙዚየሙ ዓይን በራ። «ከእሷና ከመሰሎቿ በፊት የጭነት መኪና ማለት ከኋላው ብቻ የሚገፋ፣ ፊቱ ዝም ብሎ የሚከተል ነገር ነበር። መንገድ ካለ ይሄዳል። ጭቃ ካገኘው በቅሎ መጥታ ትጎትተዋለች! ሠራዊቱ ሰለቸው። አራት በቅሎ የሚጎትተውን ሠረገላ የሚተካ መኪና ሥሩልኝ አለ። ያኔ ነው ፋብሪካዎቹ የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም እግር አካፍለው ከመንገድ ውጭ ማስኬድ የጀመሩት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ በሺህ እየተሠሩ በመርከብ ተጫኑ፤ መንገድ በሌለበት ጥይትና ዳቦ አደረሱ። የተረፉት ጫካ ገቡ፣ ግንድ ጎተቱ። አያታችን ያኔ ገዛት፣ አባታችን ነዳት።»

«ጥሩ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ የተገለበጠ ባልዲ አይቶ ተቀመጠበት።

«ሌሎቹ በሁለት እግር ፍሬን ሲቆሙ እሷ በአራቱም ትቆማለች። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ጉልበቱን ነጥቆ መሬት ለያዘው የሚሰጥ ዲፈረንሻል አላት፣ ያኔ! በዚያ ዘመን!»

«መሪዋስ? ከባድ ነው?»

ሙዚየሙ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። «ራዲያተሯን ይዩልኝ እስቲ። እንዲህ ያለ ነሐስ ዛሬ የት ይገኛል?»

ኢንስፔክተሩ ራዲያተሩን አየ። ቀጥሎ ጎማዎቹን አየ። እርጥብ ናቸው።

«ዛሬ አጠቧት?»

«በየጠዋቱ አጥባታለሁ። ሐዘን ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ አብዳለሁ።»

«ትናንት ወደ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ቀለም እቀባ ነበር። ወንድሜ መጋዙ ላይ ነበር፤ እሱ እየጮኸ ምን ይሰማኛል? ብሰማ ኖሮ…» ብሩሹ ላይ አቀርቅሮ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር። ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ባሕር የሚሞላ የውሸት እንባ ስላየ እውነተኛውን ሲያይ ያውቀዋል።

«ሞተሯ ይነሳል?»

«አባታችን ከሞተ ወዲህ ከዚህ ንቅንቅ አላለችም።»

*

ሲወጣ በሩ ላይ የአሮጌ ብረት ገዢው ቆሞ አገኘው። ፒክአፕ፣ ከኋላዋ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ፣ ተሳቢው ላይ የብረት መቁረጫ ሲሊንደሮች። ሰውዬው ሬሳው ሲወጣ አይቶ አላዘነም፤ ሰዓቱን ነው ያየው።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አሮጊቷን። ትልቅየው ሸጠልኝ። ዛሬ ጠዋት ቆራርጬ እንድወስድ ነበር የተነጋገርነው። ትንሽየው ሰምቶ ትናንት እግሬ ላይ ወድቋል፤ ለመኪና እግር ሲሳም አይተው ያውቃሉ?»

ቶሎ ቶሎ የኢንስፔክተሩን ክንድ ያዘ። «ጌታዬ! ተሳቢ! ሁለት ጎማ! ከባድ!»

«የምትጎትታትስ ፒክአፕ እየበረረች ሄደች?»

«በእጅ ገፍቷት ቢሆንስ?»

ብረት ገዢው ከልቡ ሳቀ። «ይቺን በእጅ? ሁለት ግንድ ቆራጭ እንኳ አይገፋትም። ደግሞም ትናንት አክስሏ ተሰብሮ ጋራዥ ውስጥ በሆዷ ተኝታ ነበር። ዝናቡን ከመካኒኮቹ ጋር ካርታ ስጫወት ነው ያሳለፍኩት። አሸንፌያቸዋለሁ፣ አይረሱኝም።»

ጋራዡ ተጠየቀ። መካኒኮቹ አልረሱትም፤ እንዳጭበረበራቸውም ጨምረው ነገሩ።

*

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ጣቢያው ሲደርስ የባለጋሪው ሚስት አህያይቱን ከነጋሪዋ ከባንዲራው ምሰሶ ላይ አስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አህያይቱ በየመሃሉ ታናፋለች፤ ከታሳሪዎቹ ክፍል በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ «አይዞሽ!» ይላታል።

«ለማን ነው አይዞሽ የሚለው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለእሷ ነዋ! እኔንማ የት ያውቀኛል?» አለች ሴትዮዋ፤ ዓይኗ ግን አብጧል። «ጋሼ፣ ነገ ይወስዱታል አሉኝ። እውነት ነው?»

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

«ቤት ነበረ እኮ! ዝናቡ ሳይጀምር ነው የገባው። መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ይዤለት፣ የዚህችን የአህያ እግር ሲያሽ አመሸ። እኔ የታመምኩ ቀን እንዲያ ቢያሸኝ ምናለ!»

ኢንስፔክተሩ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳነሳ ቀረ። «መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ሰፈሩ በሙሉ! ከዝናቡ በፊት ሄዶ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው የመጣው።»

«እናንተ ሰፈርና መሰንጠቂያው መስመራችሁ አንድ ነው?»

«እነሱ ሲጠፋባቸው እኛም ይጠፋብናል። እነሱ ሲበራላቸው ግን እኛ…» ቀጠለች። ኢንስፔክተሩ ግን ስልኩን አውጥቶ መብራት ኃይል ጋ እየደወለ ነበር። መስመሩ አንድ ነው። ጠፍቶም ነበር።

ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። መጋዙ የኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ ዘበኛው የሰሙት ምን ነበር ያጓራው? ሙዚየሙስ በየትኛው መጋዝ ጩኸት ነው የወንድሙን ድምፅ ያልሰማው?

ሞተር ነው። ሞተር ያለው ነገር ግን መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ሲታጠፍ አራት መስመር ይተዋል። ሐሳቡ ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለማሰብ ይሁን ለመተኛት ራሱም አላወቀ። ከጠዋቱ ወሬ ውስጥ ግን አንድ ነገር እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይቆረቁረዋል። ያ ሰውዬ ስለ አሮጊቷ ያልነገረው የለም። ፍሬኗን ነገረው፣ ዲፈረንሻሏን ነገረው፣ በቅሎዎቹን ሳይቀር ቆጠረለት። ጉረኛ ሰው ንብረቱን ሲያስጎበኝ የሚዘለው ክፍል ካለ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።

*

ጀምበር ሳትጠልቅ መጋዘኑ ተመለሰ። ቶሎ ቶሎን በሩ ላይ አቁሞ ያችኑ ባልዲ ፈልጎ ተቀመጠ። ሙዚየሙ የአሮጊቷን የኋላ ጭነት ሳጥን ጥግ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀባል።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለ ኢንስፔክተሩ ዓይኑን እያሸ። «ጠዋት ብዙ አጫወቱኝ። እኔ ግን ሳያት ቁም ሳጥን ናት። ጎማ የተገጠመላት ቁም ሳጥን።»

ብሩሹ ቀጥ አለ።

«ጉልበት አላት ብለዋል፣ እሺ ይኑራት። ለመዞር ግን የኳስ ሜዳ ያስፈልጋታል። እርጉዝ ላም ማለት ናት። የዚያ ብረት ገዢ አሮጌ ፒክአፕ በጠባቡ ሲዞር አየሁት፤ ዳንሰኛ ነው። ወንድምዎ አልተሳሳቱም። ብረት ናት፣ በኪሎ።»

«ይተዉ።»

«ምን እተዋለሁ? መዞር የማትችል መኪና…»

«ፒክአፕ?» ሙዚየሙ ብሩሹን ወረወረው። «ፒክአፕ ነው ከእሷ ጋር የሚያወዳድሩብኝ? ፒክአፕ ሁለት እግሩን ነው የሚያዞረው! እሷ አራቱንም ነው! የፊቶቹ ወደ ግራ ሲሉ የኋላዎቹ ወደ ቀኝ ይላሉ! ከሥሯ ገብተው ዘንጉን ይዩ! የኋላ ጎማዋ የፊቱ የረገጠበትን ነው የሚረግጠው፣ በጫካ ውስጥ አንድ መንገድ ብቻ ነው የምትቀደው፣ ስትታጠፍ ከኋላዋ ሁለት መስመር እንጂ…»

ቆመ።

ቶሎ ቶሎ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይጨርሱት» አለ ኢንስፔክተሩ በቀስታ። «ሁለት መስመር እንጂ አራት አይቀርም። ጠዋት ይህን አልነገሩኝም። ከሁሉ በላይ የሚያኮራውን ነገር።»

ተነስቶ ወደ ጭነት ሳጥኑ ጥግ ሄደና እርጥቡን ቀለም በቁልፉ ፋቀ። አረንጓዴው ተልጦ መጣ፤ ውስጡ የተጣበቀ ቡናማ የሱፍ ክር ነበር። ሟች በለበሰው ሹራብ ደረት ላይ የጎደለው።

ሙዚየሙ የአሮጊቷ መወጣጫ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ተጎብኝቶ ያለቀ ቤት ይመስል ነበር።

«ሞተሯን ካስነሳሁ ቆይቻለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም። ሰው የማይደርስበት አሮጌው ባቡር ጣቢያ ድረስ ወስጄ ልደብቃት ነበር። ዝናቡ ይሸፍነኛል ብዬ የሞተር ማስነሻ ማኒቬላውን አዞርኩ። ከሲሚንቶው እንደ ወረድኩ ወንድሜ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከፊቴ ቆመ። ቆምኩለት። ግንቡ አጠገብ ነበርን። ‹ነገ ትቆረጣለች› አለኝ። ሳቀ። ሽብልቅ አነሳና ከኋላ ጎማዋ ሥር ሊሸጉጥ፣ እንዳትሄድ ሊያደርጋት፣ በግንቡና በእሷ መካከል ገባ።»

«እርስዎ ደግሞ መሪውን ከግንቡ በተቃራኒ አዞሩ።»

«ሌላ መኪና ቢሆን ጥሎት ይሄዳል። አይነካውም። እሷ ግን ስትነሳ ቂጧን ወደዚያ ትወረውራለች።» እጁን ወደ ግንቡ ዘረጋ። «የጮኸ መሰለኝ። ጓሮው መሃል ደርሼ ቆምኩ፤ ከዚያ በመጣሁበት መለስኳት። ጠዋት ዱካውን አይተው ጋሪ ነው ሲሉ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ አላውቅም በሕይወቴ።»

«ዝም ባሉበት ሰው ታሰረ።»

«ሃያ ዓመት ነገርኩት!» አለ ሙዚየሙ ድንገት፤ እንባው ወረደ። «ቁርስ ላይ ነገርኩት፣ ራት ላይ ነገርኩት። ‹ይሄ ደግሞ ጀመረው› እያለ ተነስቶ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢሰማኝ ኖሮ እዚያ አይቆምም ነበር!»

ኢንስፔክተሩ ክሩን በወረቀት ጠቀለለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱንም ለመጠየቅ ደክሞታል።

«ወንድምዎ አልሰሙም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

ዘበኛው ፊት በር ላይ ሲያስሉ ተሰማ።

«አውቅ ነበር» አለ ሙዚየሙ።

ቶሎ ቶሎ ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን ዝም ብሎ ሰጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «አሁን ይቆርጧታል?»

«ማስረጃ ናት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጉዳዩ እስኪያልቅ ማንም ሰው ብሎኗን አይፈታም።»

«እናንተ ጋ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል?»

«የእኔን ጡረታ ያልፋል።»

ሙዚየሙ ራሱን ነቀነቀ። ቀኑን ሙሉ ተጨማዶ የዋለው ፊቱ ተፈታ። ኢንስፔክተሩ ይህን ፊት ላለማየት ወደ ውጭ ዞረ።

*

የታሳሪዎቹ በር ሲከፈት ባለጋሪው ሮጦ ወጣና የአህያይቱን አንገት አቀፈ።

«እኔስ?» አለች ሚስቱ።

«አንቺማ አለሽ» አላት። እያለቀሰች በነጠላዋ ጫፍ ጀርባውን መታችው፤ ሦስቱ ተያይዘው በጭቃው ወረዱ። ከኋላቸው ሁለት መስመር፣ በመሃሉ የኮቴ ቀዳዳ፣ ጥርት ብሎ ቀረ። ኢንስፔክተሩ እያየው ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ራሱን ምሰሶው ላይ አስደገፈ።

ነገ ጠዋት ያ መኪና ይሄዳል። ወንበሩ ባዶ አይሆንም፤ የሚሳፈረው ሰው ግን እስከ መድረሻው ታሪክ ያወራል፣ አጃቢዎቹን እግዜር ይርዳቸው።

ቶሎ ቶሎ መጥቶ ከበላዩ ቆመ። «ጌታዬ፣ ጉዳዩ…» ብሎ ጀመረ።

ኢንስፔክተሩ ተኝቷል። ቶሎ ቶሎ ኮቱን አውልቆ ደረበለትና ቀስ ብሎ ሄደ።